ፒስተን «ገፊ» ነውን? በአንድ ረቂቅ የሞተር ቃላት ዝርዝር ላይ የቀረበ ሒስ

ሰሞኑን ለአስተያየት ከደረሱን ረቂቆች አንዱ ስለ ሞተር ክፍሎችና ስለ ጥገናቸው የተሰናዳ የእንግሊዝኛ–አማርኛ የቃላት ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ለቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የታሰበ ሲሆን፣ ከቃላቱ በስተኋላ አንድ የናሙና ጽሑፍ ተያይዞበታል፤ ይኸውም በአሮጌ የሞተር ብስክሌት ሞተር ውስጥ የተጎዳን ፒስተን ለይቶ ስለ ማወቅና ስለ መቀየር የሚያስረዳ ነው። አዘጋጆቹ ብዙ የደከሙበት መሆኑን ከየገጹ መረዳት ይቻላል። ስማቸውን መጥራት ግን ለዚህ ሒስ አይጠቅምም። ከሥራውም የምመረምረው ፒስተንን የሚመለከተውን ክፍል ብቻ ነው።

የስያሜ ዝርዝርን በጠረጴዛ ላይ ብቻ መመዘን አሳሳች ነው። ቃሉ በወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል፤ እጁ ዘይት የነካው ሰው ሲጠራው ግን ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ረቂቁን ይዤ አንድ አሮጌ ሞቶ ጉትሲ ከሚፈታበት ጋራዥ ሄድሁ፤ መካኒኩ ሲሠራ፣ ረዳቱ የናሙናውን ጽሑፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ ተስማማን። ይህ ሞተር ለእንዲህ ያለው ፈተና የተመቸ ነው። ማንዴሎ ዴል ላሪዮ ላይ የተመሠረተው ፋብሪካ ከ1921 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. ለጎዳና በሠራቸው ባለ 500 ነጠላ ሲሊንደር ሞተሮች ላይ አንዱን ልክ ይዞ ቆይቷል፤ የሲሊንደሩ ስፋት 88 ሚሊ ሜትር፣ የምቱ ርዝመት 82 ሚሊ ሜትር ነው። ደግሞም ሲሊንደሩ አይቆምም፤ ወደ ፊት ተጋድሞ ይተኛል። ይህ መጋደም ረቂቁን እንዴት እንዳጋለጠው ወደ በኋላ እንመለስበታለን። ከዚህም በላይ የሞተሩ የመጀመሪያ መጻሕፍት የተጻፉት በጣሊያንኛ ነው። የጋራዣችን አማርኛ ካንዴላ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ቢየላ፣ ኩሽኔታ እያለ የሚጠራቸው ቃላት ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። አስቀድሞ በኤርትራ፣ በኋላም በ1928–1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ዘመን ከጣሊያን የጥገና ቤቶች ጋር ገብተው ቀርተዋል።

ከራሱ ከፒስተን ስያሜ እንጀምር። ረቂቁ «ገፊ» ይለዋል፤ በቅንፍም «ገፋዒ» የሚል አማራጭ ይሰጣል። አዘጋጆቹ በዚህ ረገድ የተከተሉት ሥርዓት የታወቀ ነው፤ ቀድሞ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በግዕዝ፣ ከዚያም በሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች መፈለግ፣ ካልተገኘ የባዕዱን መቀበል። ሥርዓቱን አልነቅፍም። ነገር ግን ባለ አራት ምት ሞተር ውስጥ ፒስተን በመጀመሪያው ምት ይስባል፣ በሁለተኛው ይጨምቃል፣ በሦስተኛው ራሱ ይገፋል፣ በአራተኛው የተቃጠለውን ያስወጣል። ኃይል በሚገኝበት በሦስተኛው ምት ገፊው ጋዙ ነው፤ ፒስተኑ ተገፊ ነው። እንግዲህ «ገፊ» ማለት ዋናውን ሥራ ገልብጦ መሰየም ይሆናል። የግዕዙ አማራጭ ደግሞ የባሰ ነው። ገፍዐ ማለት በደለ፣ አስጨነቀ ነውና፤ ግፍ የምንለው ከዚያው ሥር የወጣ ሲሆን ገፋዒም ግፈኛ ማለት ነው። ሞተሩ መንገድ ላይ ለቆመበት ሰው ስያሜው ያለ ምክንያት አይመስለው ይሆናል፤ ለመዝገበ ቃላት ግን አይሆንም። ፒስተን የሚለውን ቃል አሽከርካሪውም መለዋወጫ ሻጩም ስለሚያውቁት፣ እንዳለ ይቆይ።

ስያሜው ቢታረምም ፍቺው ይቀራል። ረቂቁ ፒስተንን «በሲሊንደር ውስጥ የሚመላለስ ክብና ቀጥ ያለ ጠጣር አካል» ሲል ይፈታዋል። ሦስቱም ቅጽሎች ስሕተት ናቸው። ፒስተን ጠጣር አይደለም፤ ውስጡ ባዶ ነው። ቀጥ ያለም አይደለም፤ ለእሳቱ የተጋለጠው አናቱ ከሌላው አካሉ ይልቅ ስለሚሞቅና ስለሚሰፋ ከአናቱ በኩል ጠበብ ተደርጎ ይሠራል። ከአሉሚኒየም የሚሠሩት ብዙዎቹ ፍጹም ክብ እንኳ አይደሉም፤ በፒኑ አቅጣጫ ጠበብ፣ ከፒኑ ተሻግሮ ባለው አቅጣጫ ሰፋ ያሉ ናቸው፤ ሲሞቁ ወደ ክብነት ይጠጋሉ። ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል፤ ፍቺውን ያመነ ተማሪ በመለኪያው ፒስተኑን አናቱ አጠገብ ይለካና ከተጻፈው ልክ አንሶ ሲያገኘው «ተበልቷል» ብሎ ይጥለዋል። ወይም በፒኑ አቅጣጫ ይለካና ደኅናውን ፒስተን ይኮንናል። ትክክለኛው መለኪያ ቦታ ከአናቱ ርቆ፣ ከፒኑ ተሻግሮ ባለው ገጽ ላይ ነው፤ ፍቺው ይህን የሚያስከለክል መሆን አልነበረበትም።

አሁን ወደ ተጋደመው ሲሊንደር እንመለስ። ረቂቁ «አናት»ን «የፒስተን የላይኛው ገጽ» ብሎ ይፈታዋል። ረዳቱ ይህን ሲያነብ መካኒኩ ገና ቴስታታውን አውርዶ ነበር። ከፊታችን ያለው የፒስተን አናት የሚመለከተው ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ፊተኛው ጎማ ነው። «የላይኛው ፋሻ» የተባለውም ከጎን የሚታይ ሆነ። አናት የሚለው ቃል ግን ራሱ መልካም ነው፤ ሰው ቢጋደምም አናቱ አናት ነውና። ጥፋቱ ያለው በፍቺው ውስጥ ነው። የአካል ስም ከአካሉ ጋር ይዞራል፤ የአቅጣጫ ስም ግን ይቀራል። ስለዚህ አናት «ለቃጠሎው ክፍል የተጋለጠው የፒስተን ገጽ»፣ የላይኛው ፋሻም «ለአናቱ የቀረበው ፋሻ» ቢባል በቆመውም በተጋደመውም ሞተር ይሠራል።

ከአናቱ በታች ያለውን የፒስተን ክፍል ረቂቁ «ቀሚስ» ብሎታል። እንግሊዞችና ፈረንሳዮችም በራሳቸው ቋንቋ ቀሚስ ይሉታል፤ ጣሊያኖች ግን ካባ አልብሰውታል። ቃሉ ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ አይሆንም ብዬ እቀበለዋለሁ። በነገራችን ላይ፣ ጋራዦቻችን በሲሊንደሩ ውስጥ የሚሰካውን ቱቦ «ካሚቻ» ይሉታል፤ ይህም በጣሊያንኛ ሸሚዝ ነው። በዐረብኛ በኩል የደረሰን «ቀሚስ» እና የጣሊያኑ «ካሚቻ» ከአንድ የቆየ የላቲን ቃል የወጡ ዘመዳሞች ናቸው። እንግዲህ ሲሊንደሩም ፒስተኑም አንድ ልብስ በሁለት ስም ለብሰው እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ ይኖራሉ ማለት ነው።

ረቂቁ «ፋሻ» የሚለውን የጋራዥ ቃል ሰርዞ «ቀለበት» ተክቷል። በመቅድሙ የሰጠው ምክንያት ፋሻ የቁስል መጠቅለያ ስም ስለሆነ ያደናግራል የሚል ነው። እኔ እስከማውቀው ቁስሉን ለማሰር የሞተር ፋሻ የገዛ ሰው የለም። አንድ ቃል ሁለት ፍቺ እንዲኖረው መዝገበ ቃላት ስፍራ አያጣም። ይልቅ የሚያደናግረው አዲሱ ቃል ነው፤ ረቂቁ ራሱ ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ በፒኑ ሁለት ጫፍ ገብታ ፒኑ እንዳይንሸራተት የምትቆልፈውን ቀጭን የሽቦ ክብም «ቀለበት» ይላታልና። ውጤቱን በናሙናው ጽሑፍ ውስጥ አየነው፤ «ቀለበቶቹ ደኅና ከሆኑ መልሰህ አስገባ» ይላል። ስለ ፋሻ ከሆነ፣ ተለክቶ በልኩ የተገኘ ፋሻ ሊመለስ ይችል ይሆናል። ስለ ፒኑ መቆለፊያ ከሆነ ግን ምክሩ አደገኛ ነው። አንድ ጊዜ የወጣች መቆለፊያ ተለጥጣለችና አትመለስም፤ ሁልጊዜ በአዲስ ትለወጣለች። አሮጌዋ ከቦይዋ ብትወጣ ፒኑ ወደ ጎን ይሄድና ሲሊንደሩን ከዳር እስከ ዳር ያርሰዋል። ስለዚህ ፋሻው ፋሻ ይባል፤ ያችኛይቱም «የፒን መቆለፊያ» ትባል። ፋሻው የሚቀመጥበትን ዙሪያ ገብ ረቂቁ «ቦይ» ማለቱ ግን እጅግ የሚያስመሰግን ነው፤ ከጋራዥ ቃላት ሁሉ የተሻለ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ስለ ጉዳት የተጻፈው ነው። አዘጋጆቹ ለእያንዳንዱ ብሎንና ዳዶ ስም ሲፈልጉ የከረሙትን ያህል፣ በፒስተን ላይ ስለሚደርሰው ነገር አንድ ግቤት ብቻ አኑረዋል፤ «የፒስተን ጉዳት፦ ፒስተን ሲጎዳ የሚታይ ሁኔታ»። ይህ ፍቺ አይደለም፤ ቃሉን በራሱ ላይ ማጠፍ ነው። ግን ጥፋቱ የአዘጋጆቹ ብቻ እንዳይመስል፤ የስያሜ ሥራችን በጠቅላላው ስም አሳዳጅ ነው። የአማርኛ ሀብት ደግሞ ያለው በግሱ ውስጥ ነው። ጫረ፣ ፋቀ፣ ላጠ፣ ነከሰ፣ ሸረፈ፣ ቦረቦረ፣ ነደለ፣ ሰነጠቀ፣ ቀለጠ፤ እነዚህን ሁሉ ባለ እጅ የሆነ ሰው ሳይማር ይለያቸዋል። ከዚያም በላይ ግሱ ራሱ ብዛትን ይናገራል፤ ተሰነጠቀ ቢል አንድ ስንጥቅ ነው፣ ተሰነጣጠቀ ቢል ብዙ ነው፤ ተሸረፈ እና ተሸራረፈም እንዲሁ። ይህን መሣሪያ ጥሎ «ጉዳት» ማለት ሰፊውን ሣጥን ትቶ በአንድ መፍቻ ሁሉን ለመፍታት እንደ መሞከር ነው።

ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ ጉዳቱ ምክንያቱን የሚናገረው በዓይነቱና በቦታው ስለሆነ ነው። በፒስተኑ ቀሚስ ላይ፣ ከፒኑ ተሻግረው ባሉት ሁለት ገጾች፣ ብረቱ በቁመቱ ተልጦና ተለጥፎ ከታየ ንክሻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የዘይት ማነስን ያሳያል። ያው ንክሻ በፒኑ ሁለት ጫፍ ግራና ቀኝ በአራት ቦታ ከታየ ግን ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ይልቅ ፈጥኖ ሰፍቷል ማለት ነው፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ተነድቶ ይሆናል፣ ወይም ፒስተኑ ሲገጠም ጠቦ ይሆናል። የአናቱ ጠርዝ በአሸዋ እንደተመታ ተቦርቡሮ ከተገኘ ድብልቁ በሥርዓት መቃጠሉን ትቶ ፈንድቷል፤ በዚህ ጊዜ በቦዮቹ መካከል ያለው ብረት መሸረፉም የተለመደ ነው። አናቱ መካከሉ ላይ ቀልጦ ከተነደለ ደግሞ እሳቱ ካንዴላው ሳይጭረው ቀድሞ ተነሥቷል፤ የሳሳ የነዳጅ ድብልቅ፣ የማይስማማ ካንዴላ ወይም የጋለ ጥቀርሻ ሊሆን ይችላል። ከፋሻዎቹ በታች ቀሚሱ ከጠቆረ ጋዝ አልፏል፤ ፋሻው ተበልቷል ወይም በጥቀርሻ ተይዞ በቦዩ ውስጥ ደርቋል። ፒስተኑ በአንድ በኩል ከላይ፣ በሌላው በኩል ከታች በሰያፍ ከተፋቀ ፒስተኑን መወንጀል ከንቱ ነው፤ የጎበጠው ቢየላው ነው።

እነዚህን ሳይለይ አዲስ ፒስተን የገጠመ ሰው የገጠመው ሌላ የሚጎዳ ፒስተን ነው። ረዳቱ ይህን የረቂቁን ክፍል በአንድ ትንፋሽ አንብቦ ጨረሰው፤ የሚያቆመው ነገር አልነበረበትምና። ለፍትሕ ያህል ጋራዡም ከዚህ በደል ነጻ አይደለም። «ተበላ» የሚለው ቃል በጋራዥ አፍ የማይሸፍነው ጉዳት የለም፤ ፋሻውም ይበላል፣ ካሚቻውም ይበላል፣ የተነከሰውም የተቦረቦረውም «ተበልቷል» ይባላል። ተበላ ለቀስ በቀስ መሳሳት ብቻ ቢጠበቅ፣ ጭረት፣ ንክሻ፣ ቡርቡር፣ ሽርፍ፣ ንድል፣ ስንጥቅ የሚሉት ስሞችም እያንዳንዳቸው በየግቤታቸው ከምክንያታቸው ጋር ቢፈቱ፣ መጽሐፉ ለጋራዡም የሚያስተምረው ነገር ይኖረዋል።

የመጨረሻውንና ከሁሉ የከበደውን ስሕተት ያገኘው ረዳቱ ነው፤ እኔ በጠረጴዛዬ ሁለት ጊዜ አንብቤ አልፌዋለሁ። የናሙናው ጽሑፍ አራተኛ አንቀጽ «ክፍተቱ 0.30 ሚሊ ሜትር ይሁን» ይላል። ልጁ ንባቡን አቁሞ፣

«ጋሼ፣ የትኛው ክፍተት?» አለ።

መካኒኩ ቀና ሳይል፣ «እሱን የጻፈውን ጠይቅ» አለው።

ዝርዝሩን ገልብጠን አየን። ረቂቁ «ክፍተት» የሚለውን አንድ ቃል ለሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ሰጥቷል፤ በፒስተኑና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ላለው፣ በፋሻው ሁለት ጫፎች መካከል ላለው፣ ፋሻው በቦዩ ውስጥ ለሚንቀሳቀስበትም። በእንግሊዝኛው ዓምድ ሦስቱም በልዩ ልዩ ቃል ወይም ሐረግ ተጽፈዋል፤ በአማርኛው ግን አንድ ሆነዋል። ሦስቱ መጠኖች ደግሞ ፈጽሞ አይተካኩም። 88 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ሲሊንደር በፋሻው ጫፎች መካከል 0.30 ቢባል ተገቢ ነው፤ የተለመደው መመዘኛ ከሲሊንደሩ ስፋት ከሺው ሦስት እስከ አራት እጅ ነውና። ለፒስተኑ ከሆነ ግን ይህ መጠን ከሚገባው ብዙ ጊዜ እጥፍ ነው።

ነገሩ የሚብራራው በሙቀት ስሌት ነው። አሉሚኒየም ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከሚሊዮን 23 ያህል እጅ ይሰፋል፣ የሲሊንደሩ ብረት 11 ያህል። 88 ሚሊ ሜትር ያለው ፒስተን በ100 ዲግሪ ቢሞቅ 0.20 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ብረቱ ሲሊንደር በዚያው ሙቀት 0.10 እንኳ አይሞላም። ፒስተኑ ደግሞ ከሲሊንደሩ ይልቅ የሚግል ነው። ስለዚህ በቀዝቃዛነቱ ጊዜ ለፒስተኑ የሚተውለት ስፍራ በመቶኛ ሚሊ ሜትር ይቆጠራል፤ ልኩንም የፒስተኑ ሠሪ ይወስነዋል። ከጠበበ ይነከሳል። ከሰፋ ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ እየተንገጫገጨ ቀሚሱን ይሰነጥቃል፣ ፋሻውንም ይሰብራል። በአንጻሩ ለፒስተኑ የተጻፈውን ትንሽ ልክ ለፋሻው የወሰደ ሰው፣ ፋሻው ሲሞቅ ጫፎቹ ይገናኙበታል፤ መሄጃ ያጣው ፋሻ ይሰበራል ወይም ግድግዳውን ያርሳል።

ይህ የሚያስፈራው ደግሞ ስለማይመለስ ነው። ሲሊንደርን ለአዲስ ሰፋ ያለ ፒስተን በማሽን የሚያሰፋ ሰው «ክፍተቱ 0.30» የሚለውን ይዞ ከሄደ፣ ተፍቆ የወጣው ብረት ተመልሶ አይለጠፍም። ምርቱ ከ1976 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለቆመ ሞተር ሌላ ሲሊንደር መፈለግ ደግሞ የዕድል ነገር ነው። የቃል ስሕተት ብዙ ጊዜ በቃል ይታረማል፤ ይህኛው አይታረምም።

ሦስት ነገር ሦስት ስም ይሻል፤ ስሞቹንም ለማግኘት ግዕዝ ድረስ መሄድ አያሻም። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን «መላወሻ» ብንለው ሁሉም ይረዳዋል፤ ሰው በጠባብ ቤት መላወሻ አጣሁ ይል የለምን? ፒስተኑም የሚነከሰው መላወሻ ሲያጣ ነው። በፋሻው ጫፎች መካከል ያለው «የፋሻ አፍ» ይባል፤ አፉ ሲገጥም አደጋ እንደሚመጣ ቃሉ ራሱ ይናገራል። ፋሻው በቦዩ ውስጥ ያለው ስፍራ «የቦይ ልላት» ቢባል ይበቃል። መካኒኩ ሁለቱን ፊተኞች ወዲያው ተቀብሏቸዋል፤ «ልላት» በሚለው ግን ፊቱን አጥፍቷል፤ የተሻለ ያለው ቢያቀርብ ደስ ይለኛል።

ስለ መቀየር የተጻፈው ክፍል ብዙ አያስተችም። «መተካት» ይሁን «መቀየር» በሚለው ላይ አዘጋጆቹ ግማሽ ገጽ ፈጅተዋል፤ በእኔ አስተያየት ሁለቱም ያስኬዳሉ። አንድ ግስ ብቻ ይታረም። «ፒኑን በመዶሻ መትተህ አውጣ» የሚለው ትእዛዝ ከምንጩ ያለውን ቀላል መነካካት ወደ ምት ቀይሮታል። ፒን በምት አይወጣም። ፒስተኑ በሙቅ ውሃ ወይም በሞቀ ጨርቅ ይሞቃል፣ ቢየላው በሌላው በኩል በእጅ ይደገፋል፣ ፒኑም ነካ ነካ እየተደረገ ወይም እየተገፋ ይወጣል። በመዶሻ የተመታ ፒን ቢየላውን ያጎብጣል፤ የጎበጠ ቢየላ ደግሞ ቀደም ብለን ያየነውን የሰያፍ ፍቀት ያመጣል።

አራተኛው አንቀጽ፣ «ክፍተት» የሚለው ግቤትና «ቀለበቶቹ ደኅና ከሆኑ» የሚለው ዐረፍተ ነገር እስኪታረሙ ድረስ ረቂቁ ወደ ትምህርት ቤት እንዳይላክ አሳስባለሁ። የቀሩት እርማቶች በሚቀጥለው እትም ሊደርሱ ይችላሉ።